ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ፊደል

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ለብዙ ጊዜ የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆኖ የቆየው የቤተ መጻሕፍት ክፍል ተጠርጎ እንደገና እንዲከፈት ተወሰነ። ተማሪዎቹ በየሰፈራቸው እየዞሩ መጽሐፍ ለመኑ። ከፊሉ ሽፋን የሌለው፣ ከፊሉ ገጹ የጎደለ፣ ከፊሉም ደኅና የሆነ፣ ወደ አራት መቶ የሚጠጋ መጽሐፍ ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍቱ መሆኑ በምን ይታወቃል? የቀድሞዎቹ መጻሕፍት እኮ የጠፉት በእሳት ወይም በጎርፍ አይደለም፤ በደብተር መካከል እየተሸጎጡ አንድ በአንድ በበሩ ወጥተው ነው።

በበሩ ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛችን፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ንቁና ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ፊደል አልቈጠሩም። አሮጌው የጎማ ማኅተም ደግሞ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የክፍለ ከተማውን ስም፣ የፖስታ ሣጥኑን ቍጥር ሳይቀር በአንዲት ክብ ውስጥ አጭቆ ስለ ያዘ፣ ሲመታ የሚታየው የቀለም ጉድፍ ብቻ ነበር። እንኳን ለእርሳቸው፣ ለእኔም አይነበብም። ስለዚህ አዲስ ዓርማ ያስፈልጋል ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ ሆኖም ካርታውን ያለ ማስመሪያ በሰሌዳ ላይ ስለምሥል «ሥዕል ያውቃል» እየተባልሁ እታማለሁ።

ለተማሪዎቹ አንድ ሳምንት ሰጠኋቸው፤ 43 ሥዕል መጣ። ማታ ቤቴ ወስጄ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ብቈጥር፣ በ31ዱ ላይ የተገለጠ መጽሐፍ አለ። ችቦ ያለባቸው 12፣ የምትወጣ ፀሐይ ያለባቸው 9፣ የዓለም ሉል ያለባቸው 7 ናቸው፤ መጽሐፉንም ችቦውንም ፀሐዩንም ሉሉንም በአንድነት የደረደረ ትጉህ ተማሪም አልጠፋም። አንዱ ልጅ ከስልኩ ላይ ዝግጁ ዓርማ አውርዶ ስማችንን ከሥሩ ጽፎበታል። እጅግ ያማረ ንስር ነው። ንስር ከመጽሐፍ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ብጠይቀው፣ «መምህር፣ ክፍያ ስለሌለው ነው» አለኝ።

ልቈጣ ነበር። ወዲያው ግን እኔ ራሴ ከሁለት ቀን በፊት በደብተሬ ጀርባ ላይ የሞነጫጨርሁት ምን እንደ ነበር ትዝ አለኝ፤ የተገለጠ መጽሐፍ፣ ከበላዩም ፀሐይ። እንግዲህ ጥፋቱ የልጆቹ ስንፍና ብቻ አይደለም። ሰው እርሳስ ሲያነሣ መጀመሪያ በእጁ የሚመጣለት ሥዕል የራሱ ሳይሆን፣ በየደብዳቤው ራስና በየግድግዳው ላይ ሲያየው ያደገው የሁሉም ሥዕል ነው። ያ የጋራ ሥዕል ከእጅ ተራግፎ እስኪያልቅ ድረስ የራስ የሆነው አይመጣም። ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ ደግሞ አይራገፍም፤ መሣል ያስፈልጋል።

ዓርማ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በአገራችን ጠላ በሚሸጥበት ቤት ደጅ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ብርጭቆ ይሰቀላል። ጽሑፍ የለበትም፤ የባለቤቲቱ ስምም የለበትም። መንገደኛው ግን ከሩቅ አይቶ ያውቀዋል፤ ሌላዪቱ ሴት ነገ ጠላ ብትጠምቅ እርሷም ያንኑ ታደርጋለች። በሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ያለው መስቀል ወይም ጨረቃም እንዲሁ ገበያተኛውን ሳይጠይቅ መልስ ይሰጠዋል። ግራፊክ ዲዛይን የሚባለው ሙያ የሚደክመው ይህን ጣሳ ለማግኘት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ፣ ጣሳውን ዘመናት አስለምደውናል፤ ሠዓሊው ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከምንም ተነሥቶ እንዲያገኘው ይጠየቃል።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የገባኝ በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። የምፈልገው የማሞ ወልዴን ታሪክ ነበር። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ይኸውም በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 20 ቀን 1968፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ በእግሩ ሕመም የተነሣ የሜክሲኮውን ማራቶን አቋርጦ ሲወጣ፣ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ገብቶ ወርቁን ለኢትዮጵያ እንዳስቀረ ሁላችንም እናውቃለን። የዚያን ኦሊምፒክ ሥዕሎች ሳገላብጥ፣ በፖስተሩም በቲኬቱም በአደባባዩም ላይ ዓይን የሚያወዛውዙ ትይዩ መስመሮች ደጋግመው አጋጠሙኝ። ሩጫውን ትቼ መስመሮቹን ተከተልሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በኖቬምበር 1966 ላንስ ዋይማን የሚባል የ29 ዓመት አሜሪካዊ፣ ከሚስቱና ፒተር መርዶክ ከተባለ እንግሊዛዊ ባልደረባው ጋር ሜክሲኮ ከተማ ገባ። የያዙት የመሄጃ ትኬት ብቻ ነው፤ መመለሻውን ለመግዛት ገንዘብ አልነበራቸውም። የኦሊምፒኩ አዘጋጅ ኮሚቴ ለዓርማው ውድድር ከፍቶ ነበርና ሁለት ሳምንት ተሰጣቸው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ፔድሮ ራሚሬስ ቫስኬስ በአገሩ ስመ ጥር አርክቴክት ነበር። ሜክሲኮ ሲባል በማንም ሰው እጅ ቶሎ የሚመጣው ሥዕል ሰፊ ባርኔጣና ቁልቋል ነው። ይህ የእኛው የተገለጠ መጽሐፍ መሆኑ ነው። የላቲን አሜሪካ አገር ኦሊምፒክን ሲያስተናግድ የመጀመሪያው ስለ ነበረ፣ ሜክሲኮዎቹ በባርኔጣ ሥር የተኛ ሰው ሆነው መታየትን አልፈለጉም።

እንግዶቹ ራሚሬስ ቫስኬስ ራሱ ወዳነጸውና በ1964 ወደ ተከፈተው የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ሄዱ። በጥንታውያኑ የሜክሲኮ ሕዝቦች ሥራ ላይ አንድ ቅርጽ በመስመር ተከብቦ፣ መስመሩም በሌላ መስመር እንደገና ተከብቦ አዩ። ዋይማንን ያስገረመው፣ ይህ ጥንታዊ ነገር በዚያው ሰሞን በኒው ዮርክ እንደ አዲስ ይደነቅ ከነበረው ኦፕ አርት ከሚባለው የሥዕል ስልት ጋር መመሳሰሉ ነው። የብሪጅት ራይሊን ሥራ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል፤ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ተደራርበው ወረቀቱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ደስ የሚል ነገር ማየት ገና ዓርማ ማግኘት አይደለም። ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው መሞከር ነበረባቸው።

መፍትሔው የመጣው ከአምስቱ የኦሊምፒክ ቀለበቶች ነው። አንባቢዬ እርሳስና አንድ ሳንቲም በአጠገቡ ካለ ይህን ይሞክር። ሳንቲሙን ወረቀት ላይ አኑሮ ዙሪያውን ያስምር፤ ከላዩ ሌላ እኩል ክብ ይጨምር፤ 8 ሆነ። ከጎኑ ደግሞ አንድ ክብ ብቻ ይሥራና ከክቡ ግራ ወደ ላይ የሚወጣ ጅራት ይቀጥልለት፤ 6 ሆነ። የውድድሩ ዓመት 68 ነው፤ 68 ደግሞ ከክብ የተሠራ ነው፤ የኦሊምፒኩም ምልክት ክብ ነው። ይህን ነገር አሁን ስንናገረው የሕፃን ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ቀለበቶቹን ደጋግሞ ካልሣሉ በቀር የሚታይ አይደለም። ዋይማን ቀለበቶቹንና ቍጥሩን አንድ አካል አደረጋቸው። ከዚያም ድንጋይ የተጣለበት ውኃ እንደሚያደርገው መስመሮቹ ከክቡ እየሰፉ ወጡ፤ እየሰፉም ሄደው ሜክሲኮ የሚለውን ስም ሠሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው፤ ሥራው ብዙ ቢሆንም መንገዱ አንድ ነውና። ከስሙ ፊደላት ሙሉ ፊደል ወጣ፤ ያም ፊደል በትኬትና በፖስተር፣ በቴምብርም ላይ ተጻፈ። እንግዳ ተቀባዮቹ ልጃገረዶች ያንኑ መስመር ለብሰው ቆሙ፤ በስታዲየሙ ዙሪያ ያለው መሬት ሳይቀር በመስመር ተቀባ።

የዚህ ዓርማ አባት ማን ነው የሚለው ክርክር ግን እስከ ብዙ ዓመት አልበረደም። ዋይማን እኔ ነኝ ይላል። አብሮ ይሠራ የነበረው ሜክሲኳዊው አርክቴክት ኤድዋርዶ ቴራሳስ የእኔም እጅ አለበት ይላል፤ ራሚሬስ ቫስኬስም ድርሻውን አንሥቷል። በሰም ላይ ባለ ቀለም ክር እየለጠፉ ሥዕል የሚሠሩትን የዊቾል ሕዝቦች ጥበብ ምንጩ ይህ ነው ብለው የሚጠቅሱም አሉ። እኔ ዳኛ ልሆን አልችልም። ብዙ እጅ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሚሞክርበት ቦታ የአሳብን አባት መለየት እንደሚያስቸግር ግን በኋላ በራሴ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ።

ተማሪ የሆነ አንባቢ ደግሞ ይህን ሳያውቅ ቢቀር አልወድም። ኦሊምፒኩ ሊከፈት ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1968፣ ትላቴሎልኮ በሚባለው አደባባይ በተሰበሰቡ የሜክሲኮ ተማሪዎች ላይ ጥይት ተተኰሰ፤ የሟቾቹ ቍጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእነዚያ ወራት ተማሪዎቹ የኦሊምፒኩን ምልክቶች ወስደው ለራሳቸው አቤቱታ ገለበጧቸው። መንግሥት በየመስኮቱ የለጠፈው የሰላም ርግብ ነበር፤ እነርሱ ቀይ ቀለም ረጩበትና ርግቡ የሚደማ ሆነ። በስፖርቱ ምልክት ፈንታ ዱላ ያነሣ ወታደር ሣሉ። ለማስታወስና ለመሣል ቀላል ሆኖ የተሠራ ምልክት፣ ያሠራውን ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ በማንም እጅ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኔ ጉዳይ የረዳኝ ግን ኦሊምፒኩ ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። የሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር በሴፕቴምበር 1969 ሲከፈት፣ ዋይማንና ባልደረቦቹ ለያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ሠሩለት። በከተማዪቱ ማንበብ የማይችል ብዙ ሰው ነበርና፣ የጣቢያውን ስም መጻፍ ብቻ አልበቃም። ቻፑልቴፔክ ለተባለው ጣቢያ የተሠራው ፌንጣ ነው፤ ስሙ በናዋትል ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ስለ ሆነ። ፒኖ ሱዋሬስ በተባለው ጣቢያ ቁፋሮ ጊዜ ጥንታዊ መቅደስ ተገኝቶ ስለ ነበረ፣ የጣቢያው ምልክት ያው መቅደስ ሆነ። አንዲት ገበያተኛ እናት ልጇን «ፌንጣው ጋ ውረድ» ልትለው ትችላለች። ሥዕሎቹ ዛሬም በየጣቢያው አሉ፤ በኋላ የተሠሩት መስመሮችም በዚያው ልማድ ቀጥለዋል።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ አወራሁላቸው። ከዚያም ሕግ አወጣሁ። መጽሐፍ፣ ችቦ፣ ፀሐይና ሉል ክልክል ነው፤ ስልክም ክልክል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወረቀት አራት ጊዜ አጥፎ ይዘረጋል፤ 16 ቤት ይወጣለታል። ሦስት ወረቀት ማለት 48 ቤት ነው፤ በየቤቱ አንድ ምልክት ይሣላል። ላጲስ አይነካም፤ የተበላሸው እንደ ተበላሸ ይቀመጣል። አንዱ፣ «መምህር፣ አንድ ጥሩ አሳብ ካለን 48ቱ ለምን ያስፈልገናል?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ መልስ አልነበረኝም፤ ሣል አልሁት።

የመጀመሪያው ወረቀት ያሳዝናል። መጽሐፍ ሲከለከሉ ብዕር ሣሉ፤ ብዕር ሲሰለቻቸው መብራት፣ ከመብራት ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ ቍልፍ ሄዱ። በሁለተኛው ወረቀት ማጉረምረም በዛ። ነገር ግን እዚያው መካከል ላይ አንድ ለውጥ አየሁ፤ የሚያስቡት ነገር ሲያልቅባቸው ወረቀቱን ማየት ጀመሩ። አንዱ ጥቁር ወረቀት በመቀስ ቈርጦ የቀረውን ቍራጭ ከዋናው ይልቅ ወደደው። ሌላዋ የቡና ሲኒ አፍ በቀለም ነክራ ማተም ጀመረች። ድንች ቀርጾ ማኅተም ያደረገም ነበር፤ የዚያ ቀን ክፍሉ ምን እንደሚሸት አንባቢ ይገምተው።

ሦስተኛው ወረቀት ሳይጀመር ጄራልድ ሆልተም ስለሚባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነገርኋቸው። በ1958 የአቶም ቦምብን የሚቃወሙ ሰዎች ከለንደን ወደ አልደርማስተን በእግራቸው ሊሄዱ ሲነሡ ምልክት የሠራላቸው እርሱ ነው። መጀመሪያ መስቀል በክብ ውስጥ ሊያደርግ አስቦ ተወው። ኋላ መርከበኞች በሁለት ባንዲራ የሚነጋገሩበትን ምልክት ያዘ። በዚያ ቋንቋ ሁለቱን እጅ ወደ ታች አዘንብሎ መዘርጋት ኤን ነው፤ አንዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች መያዝ ዲ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡና በክብ ሲታጠሩ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የሰላም ምልክት ሆኑ። ይህን የነገርኋቸው፣ ፊደል የሰው አካል ሊሆን እንደሚችል እንዲያዩ ነው።

በመጀመሪያው ውድድር ሥዕል ያላቀረበች አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ አለች። ምክንያቷን ስጠይቃት «ሥዕል አልችልም፤ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው የምችለው» ብላኝ ነበር። ስለዚህ በ48ቱም ቤት ውስጥ የጻፈችው «ቤተ መጻሕፍት» ከሚለው ቃል የመጀመሪያውን ፊደል ነው፤ ቤ። መጀመሪያ በደብተር እንደሚጻፈው አደረገችው። ቀጥላ አወፈረችው፤ አቀጠነችው፤ አስረዘመችው። ቀለበቱን ትታ በ ብቻ አድርጋ ሁለቱን አነባበረች፤ መደርደሪያ መሰለ። ሦስት ስታነባብር መሰላል ሆነባትና ተወችው። የፊደሉ ስም በጥንቱ የሴም ቋንቋዎች ቤት ማለት መሆኑን ብነግራት ጣራ ልታለብሰው ሞከረች፤ አስቀያሚ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰው ሲሠራ ዝም ማለት አልችልም።

ወደ 40ኛው ቤት ግድም ብዕሯ ቀለም አፈሰሰ። ከቤ ቀኝ እግር ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ተሞልታ ድፍን ጥቁር ሆነች። ተናዳ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ሳለሁ ምንም አላየሁም። ያየው ከአጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ነው፤ አንገቱን አስግጎ፣ «ሰው በር ላይ ተቀምጧል» አለ። እውነትም ሁለቱ እግሮችና አግዳሚው በር ናቸው፤ ጥቁሯ ነጥብ ደግሞ ከደጃፉ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ራስ ናት። ፊደሉ ፊደልነቱን ሳይተው ሥዕል ሆነ። ወዲያውም «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» የሚል ክርክር ተነሣ። ልጁ «እኔ ባላየው ኖሮ አልፈሽው ነበር» ይላል፤ ልጅቱ «እኔ ባልጽፈው ምን ታይ ነበር?» ትላለች። ሜክሲኮን አስታውሼ ሣቅሁ፤ ፍርዱን ግን አልሰጠሁም።

ምልክቱን ፈተንነው። የአውራ ጣት ጥፍር አሳነስነው፤ ነጥቧ ከእግሩ ጋር እንዳትጣበቅ ትንሽ ራቅ ማለት አለባት። ሰሌዳ ላይ ሥለን ከሜዳው ወዲያ ማዶ በመስኮት አየነው። ተማሪዎቹን ለአንድ ደቂቃ ካሳየሁ በኋላ አጥፍቼ፣ ሳያዩ እንዲሥሉት አደረግሁ፤ ከ40ው ሁለት ልጆች ብቻ ነጥቧን በግራ በኩል አደረጉ። ከንስሩ ጋር ይኸንኑ ብናደርግ ኖሮ ምን ዓይነት ዶሮ ይገኝ እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

የመጨረሻው ፈተና ግን በበሩ ላይ ነው። ወረቀቱን ይዘን ሄድንና፣ «ጋሼ፣ ይህ ምን ይመስልዎታል?» አልናቸው። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት። «በር ነው» አሉ። «እሺ፤ ይህችስ?» ብላ ልጅቱ ነጥቧን አመለከተቻቸው። «ይህችማ እኔ ነኝ!» አሉ። ልጆቹ ሣቅ በሣቅ ሆኑ። እርሳቸው ግን አልሣቁም፤ እንደገና ወስደው ተመለከቱትና፣ «ወንበሩን ረሳችሁት» አሉን።

ከዚህ በኋላ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን፣ «ወደቅን፤ ቤተ መጻሕፍት የሚል የዘበኛ ሥዕል ሠራን» አለ። ሌላው ወገን ግን፣ «በር መሆኑን አውቀዋል፣ ሰው መሆኑን አውቀዋል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» ይላል። የመጀመሪያው ወገን በተቀመጠው ሰው ጭን ላይ መጽሐፍ ለመጨመር 17 ጊዜ ሞከረ። በትልቁ ሲታይ ያምራል፤ ሲያንስ ግን ሰውዬው ፍየል ያቀፈ ይመስላል። እነርሱም ራሳቸው ተስፋ ቈርጠው ተዉት። እኔ ልቤ ወደ ሁለተኛው ወገን ነበር፤ ማኅተሙ የሚያስፈልገን እንዲያነቡት ሳይሆን እንዲያውቁት ነውና።

ዓርማውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። አንዱ ችቦው የት አለ ብለው ጠየቁ። ሌላው የትምህርት ቤቱ ሙሉ ስም በዙሪያው ይጻፍ አሉ። አሮጌውን ማኅተም አውጥቼ በነጭ ወረቀት ላይ መታሁላቸው፤ ከጎኑም አዲሱን አኖርሁ። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ከሄደ በኋላ፣ ስሙ በደብዳቤ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ፣ በመጽሐፉ ላይ ግን ምልክቱ ብቻውን እንዲመታ ተስማማን። ችቦው በሌላ ጊዜ ይታሰብበታል ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ልጅቱና ያ ጎረቤቷ ከእኔ ጋር ወደ ማኅተም ሠሪው ሄዱ። ሰውዬው መነጽሩን አድርጎ አየና፣ ነጥቧና እግሩ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ቀለም ይሞላዋል አለ። እኛ በወረቀት ላይ ያለፍነው ፈተና በጎማ ላይ አላለፈም። ልጅቱ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አራት ጊዜ ደግማ ሣለችው። ነጥቧን ስታርቃት ሰውዬው ከቤቱ የተባረረ መሰለ፤ ስታቀርባት ተጣበቀች። በመጨረሻ ጎረቤቷ እግሩን ራሱን በጥቂቱ እንድታሳጥረው ነገራት፤ ልክ ሆነ። ማኅተም ሠሪው ግን «ይህ ቤ አይደለም፣ ሌላ ፊደል ነው» ብሎ ተከራከረ። ብዙ አልተጨቃጨቅነውም።

አሁን አራቱ መቶ መጽሐፍ በመጀመሪያው ገጽ፣ በ17ኛው ገጽና በመጨረሻው ገጽ ላይ ተመትቶበታል። ወደ ማታ ተማሪዎች ሲወጡ ጋሼ በበሩ ላይ ቆመው ደብተሩን ገለጥ ገለጥ ያደርጋሉ። ያችን ምልክት ካገኙ ልጁን ትከሻውን ይዘው፣ «እኔን ወዴት ነው የምትወስደኝ?» ይሉታል።